ስለ ባሕራችን መቀነት ለጓድ አድማሴ

ለተከበሩ ጓድ አድማሴ ቸኮል
የጅብራ ባሕር አካባቢ ልማት ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

የካቲት ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ዳገታችንን እያቃሰተች ስትወጣ ከሩቅ የምንለያት መኪናዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ያልኩት ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ሌላ የሚጀመርበት ቃል ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

ስሜ አሰጋሽ ሞላ ይባላል። በባሕራችን ዳር ያለችው የኪዳነ ምሕረት አገልጋይ የቄስ ወልደሩፋኤል ባለቤት ነኝ። ልጄ በለጥሻቸው በጥር ወር በመሞቷ ኮሚቴዎ የላከልኝ የሐዘን መግለጫ ደርሶኛል። በዚያው ወረቀት ላይ ከሐዘኑ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ፣ የመጨረሻው የባሕራችን ጨፌ በሚታጨድበት ቀን ከደሴ በሚመጡት እንግዶች ፊት ቆሜ፣ ልጄ የኋላ ቀር ልማድ ሰለባ መሆኗን ለሕዝብ እንዳስረዳ የተደረገልኝን ግብዣም አንብቤዋለሁ። ሐዘኑንና ግብዣውን በአንድ ወረቀት መጨረስዎ ለመንግሥት ንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ ያሳያልና በአጥቢያችን ስም አመሰግናለሁ።

ንግግር የማላውቅ ሴት በመሆኔና ከቀብሩ ወዲህ ረጅም ጊዜ ስቆም ጉልበቴ ስለሚከዳኝ መልሴን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። በስብሰባ አዳራሹ የግድግዳ ጋዜጣ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም እዚያ የሚለጠፈውን ሁሉ እርስዎ በጥሞና እንደሚያነቡት ስለነገሩን ነው። ይህን ያህል መጻፍ ከየት ተማረች ብለው እንዳይጨነቁ፣ አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩና ዳዊት በልጅነቴ ደግሜአለሁ። ይሁን እንጂ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ለቀበሌያችን የተመደበው የማይም ሴት ቁጥር አልሞላ ስላለ እኔም ተቆጥሬ፣ ሀ ሁን ከመጀመሪያው ተምሬ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ የአባቴ፣ ትክክል የሆነው ሁሉ ደግሞ የዘመቻው ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ መቀነቱ መታጨድ።

ባሕራችን፣ እርስዎ እንደሚያውቋት፣ ከገብስ በቀር ሌላ እህል በማይደፍረው ከፍታ ላይ፣ በጉብታዎች መካከል እንደ ገበቴ የተቀመጠች ትንሽ ውሃ ናት። ዙሪያዋን ፊላና ቄጤማ ከብቧት ይኖር ነበር፤ እኛ ይህን ጨፌ የኪዳነ ምሕረት መቀነት እንለዋለን። ማጭድ ይዞ የገባበትን ሰው ገብሱን ውርጭ ይመታዋል ተብሎ በካህናት ቃል የተገዘተ ስለነበር ከብት አይገባበትም፣ ልብስ አይታጠብበትም፣ እንስራ ያዘለች ሴት እንኳ በተፈቀደችው አንዲት መግቢያ ብቻ ገብታ ቀድታ ትወጣለች። ከብቶቻችን የሚጠጡት ባሕሯ ሞልታ ከምትፈስበት ከታች በኩል ካለው ገንዳ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ካህናቱ ለቀዳም ስዑር የሚታደለውን ቄጤማ ያጭዳሉ፤ እስላም ጎረቤቶቻችንም ለመውሊድ ሲፈልጉ ባለቤቴን አስፈቅደው ከዳር ይወስዳሉ። ከዚህ በቀር ያ ሁሉ ለምለም ሣር፣ እርስዎ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በትክክል እንደተናገሩት፣ ያለ አንዳች ሥራ ቆሞ ይውል ነበር።

ሥራ ፈቶ መቆሙን አይተው አዘኑ። ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን የሚል ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥሮ የመጣው የዘመቻ ቡድንም በአንድ በጋ መቀነቱን ከሦስት ወገን አጭዶ ጨረሰው፤ መሬቱም ታርሶ ማዳበሪያ ተነስንሶበት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገብስ ተዘራበት። ሥራ ፈቱ ሣር ሥራ እንደነበረው የገባን ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ፣ ጭቃውንና እዳሪውን እዚያው አስቀርቶ፣ ውሃውን ብቻ ያሳልፍ ኖሯል። ይህን እርስዎም አላወቁም፣ እኛም አላወቅንም፤ ስለዚህ በአለማወቅ እኩል ሆነናል ማለት ነው፤ እኩልነትን ማስፈን ደግሞ ዓላማዎ እንደሆነ ሁልጊዜ ይነግሩናል።

፪ኛ፤ ስለ ትሕትናዎ።

ግዝቱን በጉልበት መጣስ ሲችሉ ባለቤቴን ቢሮዎ ድረስ አስጠርተው፣ ወንበር ስበው፣ አባ ብለው፣ በገዛ አንደበታቸው እንዲፈቱልዎት ለምነዋል። በበሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሰውም በጣም ትሑት እንደነበር ባለቤቴ ነግረውኛል። ቄስ ወልደሩፋኤል ግዝቱን ፈቱት። ወደ ቤት ሲመለሱ ያሉኝ፣ እኔ ብፈታውም ውርጩ አይፈታውም፣ ገብሱን ታዩታላችሁ የሚል ነው። አጥቢያው ሁሉ ይህንኑ አመነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ማለዳ ማለዳ እየወጣ አዲሱን ማሳ ሲያይ ከረመ፤ ገብሱ ያሸተ ጊዜማ ቁርሱን ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው ነበር።

ገብሱን ውርጭ አልመታውም። እንዲያውም አባቶቻችን አይተውት የማያውቁት ዓይነት ገብስ ሆነ፤ እርስዎም ከእነ እንግዶችዎ መሀሉ ገብተው ፎቶግራፍ ተነሡበት። ከዚያ ወዲያ ግዝቱ ባዶ ኖሯል ተባለ፤ ያልታጨደውን ዳር ዳር ሰው በየፊናው አጨደው፣ ከብቱን እስከ ውሃው ነዳ፣ ልብሱን እዚያው አጠበ። እኛ ቅጣቱን ከገብሱ ላይ ስንጠብቅ ውሃውን ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ይህ ስሕተት የእርስዎ ሳይሆን የራሳችን ነው። የቀደሙት አባቶች በማሳችን አስፈራሩን እንጂ የሚጠብቁት ውሃውን መሆኑን አልነገሩንም፤ ወይም ነግረውን ረስተነው ይሆናል። አሁን ሰዎች ባለቤቴን ግዝቱን መልሰው እንዲያስሩ ይለምኗቸዋል። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ ፈትቼው ምንም ሳልሆን ያዩኝ ሰዎች ዳግመኛ አይፈሩኝም ይላሉ።

፫ኛ፤ ስለ አዲሱ መንደር።

በየጉብታው ተበታትነን ከመኖር አውጥተው በአንድ ዳገት ላይ በሰልፍ ስላሰፈሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በተለይ መጸዳጃ ቤቶቹን ከመንደሩ በታች፣ ወደ ባሕሯ በኩል እንድንቆፍር መታዘዛችን የታሰበበት ነበር፤ ከላይ በኩል መንገዱ ስለሚያልፍ ሽታው የሚመጡትን እንግዶች እንዳያስቀይም ነው። እንግዳ ማክበር የእኛም ልማድ ነውና ተስማምተን ቆፈርን።

ክረምቱ ሁሉንም ጠራርጎ አወረደው። ኅዳር ላይ ባሕራችን አረንጓዴ ሆነች፤ የሣር አረንጓዴ ሳይሆን ውሎ ያደረ የጎመን ቅቅል ውሃ ዓይነት። እርስዎም ስለዚህ ጉዳይ በስብሰባ ሲጠየቁ አረንጓዴ የልምላሜ ምልክት መሆኑን አስረድተውናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃችንን በነጠላ እያጠለልን ልምላሜውን ከነጠላው ላይ እናራግፋለን።

፬ኛ፤ ስለ ጥምቀት።

የጤና ረዳቱ ተረፈ በኅዳር ወር ከባሕራችን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ ወደ ደሴ ልኮ ነበር። ውጤቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ለኮሚቴው መድረሱን፣ ውሃው ሳይፈላ እንዳይጠጣ የሚያዝ መሆኑን፣ ነገር ግን ለበዓሉ እንግዶች ስለሚመጡ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ከጥምቀት በኋላ እንዲነገር መወሰኑን የሰማነው ከሐሜተኛ አይደለም። እርስዎ ራስዎ በጥር መጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ ኮሚቴው ለሕዝብ ስሜት ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ለማስረዳት ብለው ተናገሩት። በጭብጨባ ተቀበልንዎት። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እጄን ሳየው ያጨበጭባል።

በጥምቀት ዕለት ታቦቷ ወደ ባሕሯ ወረደች፤ ውሃው ተባረከ፤ እንደ ወትሮው ተረጨን፣ ጠጣን፣ በቅልም ቀድተን ወደየቤታችን ይዘን ሄድን። በለጥሻቸው ወደ ወግዲ በኩል ከተዳረችበት መንደር የመጀመሪያ ልጇን ብርሀንነሽን አዝላ ለበዓሉ መጥታ ነበር። የምታጠባ ሴት ውሃ ይጠማታልና በእፍኟ እየጨለፈች ደጋግማ ጠጣች። ቀለሙን አላየንም አልልዎትም፣ አይተናል። ነገር ግን ታቦት የወረደበት ውሃ ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ እንዲያውም አሁን ተባርኳልና ይጠራል ያሉ ነበሩ።

ተቅማጥና ትውከቱ የጀመረው ከበዓሉ በኋላ ነው። ሌሎችም ታመው ነበር፣ እነሱ ተነሥተዋል። በለጥሻቸው አልተነሣችም። በቃሬዛ ወደ መካነ ሰላም ልናደርሳት ወጥተን ከመንገድ ተመለስን፤ ለአስተርእዮ ማርያም አልደረሰችም። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈው ገና ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለን ነው። አስተዛዛኞቹ ሲመጡ አነበቡልኝ። ጽሑፉ ግልጽ ነበር፣ የፊደል ስሕተትም የለበትም።

ብንነግራችሁም አትሰሙንም ነበር፣ ጠበል አይፈላም የምትሉ ሰዎች ናችሁ ሲል ኮሚቴዎ በግብዣው ላይ ጽፎልኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ ጠበል እሳት አይነካውም ይሉ ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። በለጥሻቸው ግን ለብርሀንነሽ ስትል የማታደርገው ነገር አልነበረም፤ ብትሰማ ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። ይህን ማወቅ ይቻል የነበረው ነግሮ በማየት ብቻ ነው። ከውሃው የሚጠብቀንን ልማድ በዘመቻ አስወግደው ውሃውን የሚያስጠጣንን ልማድ በቦታው ስለተዉልን ግን፣ የቱን ኋላ ቀር ብዬ እንደምናገር ተቸግሬአለሁ።

እንደ ተቆጣሁ አድርገው እንዳያነቡኝ እለምናለሁ። መቆጣት ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም። ቤት እጠርጋለሁ፣ ገብስ እቆላለሁ፣ ሰው ሲመጣ እነሣለሁ፤ ሁሉንም የማደርገው ለሌላ ሰው በአደራ እንደምሠራ ሆኜ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባ ከጎኔ እየተቀመጠች አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል ትለኛለች፤ እሺ እላታለሁ። ዘይነባ የራሷ ጨቅላ ስላላት ብርሀንነሽንም አንድ ላይ ታጠባለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አሁን በእኛ ሰፈር ሁለት ሕፃናት በአንዲት ሴት ጡት ላይ አሉ፤ እርሷም የምትጠጣው ከዚያችው ባሕር ነው። የሚሰማኝ ነገር ቢኖር ይኸው ፍርሃት ብቻ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ማፍላት።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ እናፈላለን፤ ባለቤቴም አይከለክሉም። የምናነደው ግን አጥተናል። በዚህ ከፍታ ያለው እንጨት አስታ ብቻ ነው፤ እርሱ ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብሎ እንዳይቆረጥ ተከልክሏል፣ ተገቢም ነው። ኩበታችን ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማሳ ይሰበሰባል። ማስታወቂያውን እንዳናነደው ደግሞ ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው። ዘይነባ ከፈረሰችው የዱሮ ጎጆዋ ክዳን ጓሳውን እየመዘዘች ታነድዳለች፤ ክዳኑ ሲያልቅ ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት ሌላ እፍኝ መዘዘች።

እንግዲህ ወደ ግብዣዎ ልመለስ።

የመጨረሻው የመቀነቱ ቁራጭ በምሥራቅ በኩል፣ ከአዲሱ መንደር የሚወርደው ጅረት ወደ ባሕሯ የሚገባበት ላይ ነው። ሰው እስካሁን ያልደፈረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ስለተያያዘ ነበር። የሚታጨደውም ለእርሻ ሳይሆን፣ እንግዶቹ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ባሕሯን ወለል ብላ እንዲያዩዋት መሆኑን ደብዳቤዎ ይገልጻል። ጅረቱ ከመጸዳጃዎቹ ሥር አልፎ ሲመጣ የሚያገኘው ከእንግዲህ ያንን ቁራጭ ብቻ ነው። ወንዶቻችን እዚያ ቆመው እንዳዩት ወደ ቁራጩ የሚገባው ውሃና ከቁራጩ የሚወጣው ውሃ ዛሬም አንድ ዓይነት አይደለም። ዘይነባም የምትቀዳው ከዚያ ነው።

ይተዉልን። እንግዶቹ ባሕሯን ማየት ከፈለጉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ በሙሉ ትታያለች፤ ባለቤቴ መንገዱን ይመሯቸዋል፣ እኔም ወንበር አመላልሳለሁ። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይያዙት፤ ማሳውንም፣ ፎቶግራፉንም፣ ምስጋናውንም።

ይህን ካደረጉልኝ ንግግሩን አደርጋለሁ። ጉልበቴ ቢከዳኝ ሰው ደግፎኝ እቆማለሁ። ልጄ በለጥሻቸው በገዛ ኋላ ቀርነቷ ሞተች፣ ኮሚቴው የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል፣ ጥፋቱ የእርሷ ነው እላለሁ፤ ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብዬ እላለሁ። እርሷ ከእንግዲህ ስሟ ቢጠፋ የሚከፋት ሰው አይደለችም። ብርሀንነሽ ግን ጡት ትጥላለች፤ ያን ጊዜ ውሃ ትጠጣለች።

ልጄን ልሸጥልዎት የተስማማሁበትን ነገር በአደባባይ መለጠፌ ቢያስገርምዎት፣ ውሉ በምስክር ፊት ቢሆን ይጸናል ብዬ ነው።

የባሕራችንን ሦስት ወገን ከሥራ ፈትነት ነፃ ስላወጡልን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ አራተኛው ወገን ግን እንደ ቦዘነ እንዲቀር በእግርዎ ሥር ወድቄ እየለመንኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ዘወትርም ጥሩ ውሃ እመኛለሁ።

በአብዮታዊ ሰላምታ፣
የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ፣ የበለጥሻቸው እናት
አሰጋሽ ሞላ

ግልባጭ፤
ለኪዳነ ምሕረት ደጀ ሰላም
ለመስጊዱ በር
ወደ ከላላ ገበያ ለሚወርድ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤

በጥምቀት ዕለት ከእንግዶችዎ ጋር በባሕሯ ዳር በተዘጋጀልዎት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ የምትጠጡት ከመካነ ሰላም በመኪና ከመጣው ቢጫ ጀሪካን ነበር። ሾፌሩ ሲቸኩል እኛ ጓሮ ረስቶት ሄዷል። ግማሹ ድረስ ውሃ ነበረበትና በለጥሻቸው ታማ ከተኛች በኋላ አጠጥተናታል፤ በጣም ጣፋጭ ውሃ ነው ብላለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀሪካኑን አጥቤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ቢሮዎ ድረስ ለሚያደርሰው ሰው አስይዤዋለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር በመሆኑ ከባሕራችን ሞልቼዋለሁ፤ አደራዎን፣ አፍልተው ይጠጡት። ልጄ በጠጣች ቀን ይህን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቧ ተቀምጦ ሳለ አልነገራትም፤ እኔ ግን ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ።